ሲቢቲ፣ መድኃኒት ወይስ ሌላ ምክር? ባሕር ዳር ሆኖ ለሚመርጥ ሰው

«ከየትኛው ልጀምር?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። አንዱ ክኒን ይፈራል። አንዷ «ለማውራትማ ጎረቤት አለኝ፤ ለወሬ ብር ልክፈል?» ትላለች። ሌላው ስለ ሲቢቲ ዩቲዩብ ላይ አይቶ፣ እሱ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ።

ሥራዬ ምክር መስጠት ነው፤ እዚሁ ባሕር ዳር። አብዝቼ የምሠራው በሲቢቲ ነው። ሙሉ ስሙ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ፣ በእኛው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና የሚባለው። ስለዚህ ሚዛኔ ወደዚያ ቢያጋድል አትፍረዱብኝ። ግን ለመጣ ሁሉ አልሰጥም። ሳመዛዝን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ችግሩ የተነሳው ከየትም ይሁን፣ ዛሬ እንዳይለቅ ጠፍንጎ የያዘው ምንድን ነው? ሽሽት ነው? የቤት ውስጥ ጠብ ነው? ሐዘን ነው? የቤት ኪራይ ነው? ወይስ ሰውነት ራሱ ከሥርዓቱ ወጥቷል? ይህ ከታወቀ ምርጫው ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። የቀረው የገንዘብ፣ የጊዜና የባለሙያ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ሐኪም ማየት ያለበት

አንዳንዱ ነገር ለምርጫ አይቀርብም። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ሰው ሁሉ ያሴርብኛል የሚል፣ ለቀናት ሳይተኛ ጉልበቱ የማያልቅና ገንዘቡን የሚበትን፣ እህል ውሃ የተወ፣ ከወለደች በኋላ ጠባይዋ ድንገት የተለወጠ እናት፤ እነዚህ መጀመሪያ ወደ አእምሮ ሐኪም ነው የሚሄዱት። ከሆስፒታሎቻችን ፈለገ ሕይወት አለ፣ ጥበበ ግዮን አለ። ምክሩ በኋላ ይደርሳል።

«ራሴን ላጥፋ» የሚል ሐሳብ ካለ፣ ይልቁንም «እንዲህ አድርጌ» እስከማለት ከደረሰ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ቀን፣ ከሰው ጋር፣ ድንገተኛ ክፍል ነው። ቤት ውስጥ የተቀመጠ የተባይ መድኃኒትና የተጠራቀመ ክኒን ካለ ዘመድ ወስዶ ያርቀው።

ደግሞ ጭንቀት የሚመስል ሁሉ ጭንቀት አይደለም። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መዛባት ልብን ያስመታሉ፣ ያደክማሉ፣ እንቅልፍ ይነሳሉ። አንዴ ተመርምሮ ማወቅ ይሻላል። ተገላቢጦሹም አለ። እዚህ አገር ደረት ላይ የሚሰማ ነገር ሁሉ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ኦሜፕራዞል ይታዘዝለታል። ሰው ለዓመታት ጨጓራውን ሲያስታምም ከርሞ፣ ነገሩ ጭንቀት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሲቢቲ በተግባር ምን ይመስላል?

የሲቢቲ አባት የሚባለው አሮን ቤክ ነው፤ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም። የሠለጠነው ሕመምተኛ ተጋድሞ ስለ ልጅነቱ ለዓመታት በሚያወራበት በሳይኮአናሊሲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፊላደልፊያ ውስጥ ድብርት የያዛቸውን ሲያዳምጥ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። ከስሜታቸው በፊት ብልጭ ብሎ የሚያልፍ ሐሳብ አለ። «አልረባም»። «ሰልችቻቸዋለሁ»። ሰውየው ሐሳቡን እንደ ሐሳብ አያየውም፤ እንደ ሐቅ ተቀብሎት ይቆዝማል። ቤክ ይህን ሐሳብ ከሕመምተኛው ጋር እየመረመሩ መፈተን ጀመረ። ከዚያ ባህሪን ከመለወጥ ሥራ ጋር ተጋባና ዛሬ ሲቢቲ የምንለው ሆነ።

አንድ ቀጠሮ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ በሳምንት አንዴ። ለድብርት ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይታሰባል። ለፓኒክ፣ ማለትም ድንገት ለሚያጥለቀልቅ ብርቱ ፍርሃት፣ ሊያንስ ይችላል። የቤት ሥራ አለው። እንዲያውም ዋናው ሥራ የሚሠራው በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል ባሉት ቀናት ነው፤ የሳምንቱ አንድ ሰዓት ለቀሩት ቀናት ማዘጋጃ ነው።

በምሳሌ ላሳያችሁ። የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ የብዙ ሰው ታሪክ ተቀላቅሎ የተሠራ ነው።

እትዬ ልበላቸው። አባይ ማዶ ይኖራሉ፤ ከተማው ገበያ በርበሬና ኮረሪማ ይሸጣሉ። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ሆነው ድልድዩን ሲሻገሩ ልባቸው ይመታል፣ ጣታቸው ይደነዝዛል፣ ራሳቸውን ያዞራቸዋል። ሞትኩ አሉ። ከዚያ ወዲህ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ይወርዳሉ። ቀስ በቀስ ወደ ገበያ መሄድ ተዉ። ዕቃውን ልጃቸው ይወስዳል፤ ገቢው ቀነሰ። ልባቸው ተመርምሮ ደህና ነው ተብለዋል።

«ድልድዩ መሃል ላይ ምን ይደርስብኛል ብለው ነው የሚፈሩት?»

«ልቤ ቀጥ ይላላ፣ ዶክተር።» ዶክተር አይደለሁም፤ ግን ሰው እንደዚያ ነው የሚጠራን።

«ከመቶ ስንት ያምኑታል?»

«ከዘጠና አያንስም።»

«ይኼ ነገር እስካሁን ስንቴ መጣብዎት?»

«ኧረ ቁጥርም የለው።»

«ስንቴ ቀጥ አለ?»

ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁና ቆጣ ብለው «ፈጥኜ ስለምወርድ ነዋ!» አሉኝ።

ሲቢቲ ያለው እዚች መልስ ውስጥ ነው። ለእትዬ ከሞት ያዳናቸው መውረዳቸው ነው። ስለዚህ መቶ ጊዜ ፈርተው መቶ ጊዜ ቢተርፉም ፍርሃቱ አንድ ጋት አይቀንስም። «አይዞዎት፣ ምንም አይሆኑም» ብዬ ብውል ባድር ዋጋ የለውም፤ ባለቤታቸውም ጎረቤትም ይህን ሲሏቸው ከርመዋል። ሳይወርዱ ቆይተው ራሳቸው ማየት አለባቸው።

መጀመሪያ እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ ልባቸው ደህና መሆኑ በሐኪም የታወቀ ስለሆነ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል አብረን ቶሎ ቶሎ ተነፈስን። ጣታቸው ደነዘዘ፤ ራሳቸውን አዞራቸው። «ይኸው! እሱው ነው!» አሉ። ድልድይ ግን የለም። ከወትሮው በላይ በፍጥነት መተንፈስ ብቻውን ያን ሁሉ እንደሚያመጣ በገዛ ጣታቸው አዩት። ፓኒክ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ጣራ ይነካና ይወርዳል። እትዬ መውረዱን አይተውት አያውቁም፤ ሁልጊዜ ጣራው ላይ እያለ ነው የሚሸሹት።

ከዚያ ደረጃ በደረጃ ነው። ድልድዩ ጥግ መቆም። ከልጃቸው ጋር እስከ አጋማሹ። ከልጃቸው ጋር እስከ መጨረሻው። ብቻቸውን። በመጨረሻ በባጃጅ፣ በገበያ ቀን። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ቀስ ብሎ ለሚራመድ አምስት ስድስት ደቂቃ ነው። ለዚህ ሥራ የተሰፋ ይመስላል፤ የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ቆሞ ውሃ ለሚያይ ሰው ማንም ግድ አይሰጠው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት እትዬ የፈሩትን ስልካቸው ላይ በድምፅ ይቀዳሉ፦ «መሃል ላይ እወድቃለሁ፣ ሰማንያ።» ሲመለሱ የሆነውን ይቀዳሉ። ቀጠሮ ላይ ሁለቱን አብረን እንሰማለን። ሲቢቲ የተማረ ሰው ብቻ ነው የሚሆንለት የሚባለውን አልቀበልም። የሚጽፍ ልጅ፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ ካልሆነም ለመቁጠሪያ ከኪስ ወደ ኪስ የሚዛወር ባቄላ ይበቃል።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን። እትዬ ቦርሳቸው ውስጥ የጠበል ጠርሙስ አለ። ልባቸው ሲመታ አንድ ጉንጭ ይላሉ። ይህን ማንሳት አያስፈራኝም ብል ውሸት ነው። በሙያው ቋንቋ ፍርሃትን ለጊዜው የሚያስታግስ ነገር ሁሉ ፍርሃቱን ያቆየዋል፤ ውሃም ይሁን፣ ስልክ ይዞ መሄድም ይሁን፣ ባጃጁ በር አጠገብ መቀመጥም ይሁን። ለእትዬ ግን ጠበል እምነት ነው። «ተዉት» የሚል አማካሪ የሰው ቤት ገብቶ ዕቃ እንደሚያዛውር ይቆጠራል። ስለዚህ ጠየቅኳቸው፦ «የንስሐ አባትዎ እንዴት ይጠጡ አሉዎት?» «ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ ጸልዬ።» «ድልድይ ላይስ?» አሰቡና «እሱስ የእኔ ጭማሪ ነው» አሉ። ጠዋት ቤታቸው እንደታዘዙት ጠጡ። ድልድዩ ላይ ጠርሙሱ ቦርሳ ውስጥ ተከድኖ ቆየ። እምነታቸውም አልተነካ፣ ሥራውም አልተደናቀፈ።

ሲቢቲ እንዲህ ባለ ነገር ላይ ነው ጎበዝ የሚሆነው። ለፓኒክ፣ ሰው ፊት መናገር ለሚያርዳቸው፣ ለታወቀ ነገር ፍርሃት፣ እጅ በመታጠብና በር በመፈተሽ ቀኑ ለሚያልቅበት። ጸሎቱን «በደንብ አላልኩትም» እያለ መልሶ መላልሶ ከመጀመሪያው ለሚጀምርም እንዲሁ፤ እዚህ ላይ የንስሐ አባት ቢተባበሩ ወርቅ ነው። ለእንቅልፍ እጦትም ለብቻው የተዘጋጀ ሲቢቲ አለ፤ ከእንቅልፍ ክኒን በፊት ይመከራል። ሕጉ ቀላል ነው፣ ትዕግሥቱ ከባድ ነው፦ ማታ ምንም ያህል ብትቆዩ ጠዋት የምትነሱበት ሰዓት አይለወጥም፣ እንቅልፍ ካልመጣ አልጋ ላይ አይገላበጡም፣ ቀን አይተኙም።

ድብርት ከሆነ ከሐሳብ ይልቅ ከውሎ መጀመር

ለድብርትም ሲቢቲ ይሠራል። መካከለኛና ቀለል ላለው ድብርት ከመድኃኒት እኩል ይሄዳል፤ ካበቃ በኋላም ችግሩ እንዳያገረሽ ይረዳል። ግን እኔ አብዛኛውን ጊዜ ከሐሳብ ምርመራ አልጀምርም። ድብርት የያዘውን ሰው «ይህ ሐሳብህ ምን ማስረጃ አለው?» ስትለው ጠበቃ ሆኖ በራሱ ላይ ይከራከርልሃል፤ ይረታሃልም።

ከፖሊ ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት አስቡ። ሌሊቱን ቲክቶክ ላይ፣ ቀኑን አልጋ ላይ። «ስሜቴ ሲስተካከል እወጣለሁ» ይላል። ቢሄቪየራል አክቲቬሽን የሚባለው መንገድ ይህን ይገለብጠዋል፦ መጀመሪያ ውጣ፣ ስሜቱ ይከተላል። አንድ ሳምንት ሙሉ የየሰዓቱን ውሎና ስሜቱን ከአሥር ይመዘግባል። አልጋ ላይ ከስልክ ጋር፣ አንድ። እህቱ ሱቅ ቆሞ ዕቃ ሲያቀብል፣ አራት። ራሱ ይገረማል። ከዚያ «ሲመቸኝ» የሚባል ቃል ይቀርና «ሰኞ ጠዋት 12፡30 ሐይቁ ዳር እስከ መናፈሻው» ይጻፋል። ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ታንኳው እንጨትና ዓሣ ጭኖ ሲመጣ። ቢደብረውም ይሄዳል፤ እቅዱ የሚለው ሂድ እንጂ ደስ ይበልህ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት 440 ድብርት ያለባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ ይህንን ብቻ የተሰጡትን ሙሉ ሲቢቲ ከተሰጡት ጋር አወዳደረ። አላነሰም። ልብ በሉ፤ ይህንን የሰጡት ሥልጠናቸው አጭር የሆነ ጀማሪ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ወጪውም ዝቅ አለ። ባለሙያ በሚያጥርበት ከተማ ይህ ትልቅ ወሬ ነው። ባለ ረጅም ሥልጠና የሲቢቲ ባለሙያ ካጣችሁና ችግሩ ድብርት ከሆነ፣ ይህን በደንብ የሚሠራ አንድ ነርስ ወይም ካውንስለር ብታገኙ ተጎዳሁ አትበሉ።

ሐሳቡ ልክ ሲሆን

ሲቢቲ የሚመረምረው ሐሳብ ከሐቁ ጋር ሲለያይ ነው። ሐሳቡ ልክ የሆነበት ጊዜ አለ። የተኩስ ድምፅ በሚሰማበት ሰሞን የሚባንን ሰው አልተሳሳተም። ተፈናቅሎ መጥቶ የቤት ኪራይ ያጣ ሰው «ወሩ እንዴት ያልፋል?» ቢል ምን ልበለው? ማስረጃ አምጣ?

ለእንዲህ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አጭር መንገድ አለ፤ ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ ይባላል። አምስት ቀጠሮ ነው፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል። አራት ነገር ያስተምራል፦ ትንፋሽን ማረጋጋት፣ ሊፈታ የሚችለውን ችግር ከማይፈታው ለይቶ አንዱን ይዞ መሥራት፣ ውሎን ማንቀሳቀስ፣ ከሰው ጋር መልሶ መገናኘት። የሚሰጡት የሠለጠኑ ተራ ሰዎች ናቸው፤ የሥነ ልቦና ዲግሪ አያስፈልጋቸውም። ዚምባብዌም ሐራሬ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሠለጠኑ አያቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ችግርን አብረው ይፈታሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ውጤቱ ተረጋግጧል። እዚህም በተፈናቃዮች ላይ የሚሠሩ ድርጅቶችን ስታገኙ ይህ አገልግሎት እንዳላቸው ጠይቁ። ነፃ ነው የሚሆነው።

ከባድ ነገር አይቶ ሌሊት በቅዠት የሚመለስበት፣ ያን ቦታና ያን ወሬ የሚሸሽ ሰው ግን ሌላ ነው። አምስት ቀጠሮ አይበቃውም። ለእሱ በአሰቃቂ ትዝታ ላይ የሚሠራ ሲቢቲ ወይም ኢኤምዲአር (ዓይንን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ትዝታውን የሚያክም መንገድ) የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ደግሞም አደጋው አሁንም እየቀጠለ ከሆነ ከትዝታው በፊት ደኅንነቱ ይቀድማል።

ጠቡ ቤት ውስጥ ከሆነ፣ ወይም ሐዘን ከሆነ

እናቷ ከሞተች ዓመት አልፎ ቡና ማፍላት ያቆመች ልጅ አለች። ከአማቷ ጋር አንድ ግቢ ገብታ ጎንበስ ቀና ማለቱ ያንገፈገፋት ሙሽራ አለች። ጡረታ ወጥቶ ጠዋት ለብሶ የሚሄድበት ያጣ አባት አለ። ለእነዚህ እኔ ሲቢቲን አላስቀድምም። ኢንተርፐርሰናል ቴራፒ ይሻላቸዋል። ክለርማንና ዋይስማን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጀመሩት ነው። የሚያየው አራት ነገር ብቻ ነው፦ ሐዘን፣ ከቅርብ ሰው ጋር ጠብ፣ የኑሮ ደረጃ ለውጥና ብቸኝነት። የሐሳብ መዝገብ የለውም። «ማን ጋ ምን ብለሽ ነበር? እሷስ ምን መለሰች? ሌላ እንዴት ሊባል ይችል ነበር?» እያለ የንግግሩን ዝርዝር ያያል።

በቡድን ሲሰጥ ደግሞ ለእኛ ኑሮ ይስማማል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የኡጋንዳ ገጠር ጥናት፣ ሴቶቹ ለብቻ ወንዶቹ ለብቻ ተቧድነው ለ16 ሳምንት በሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ሲመሩ ድብርታቸው በጣም እንደቀነሰ አሳይቷል። ማኅበርና ዕድር ለለመደ ሕዝብ ቡድን እንግዳ ነገር አይደለም። ችግሩ ምሥጢር ነው። ቡድኑ ውስጥ ያገራችሁ ሰው ካለ ለብቻ መግባትን ምረጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጠቡ ውስጥ ዱላ ካለ ይህ የመግባባት ጉዳይ አይደለም። ባልና ሚስቱን አንድ ላይ አስቀምጦ «ተነጋገሩ» የሚል አማካሪ ጋ አትሂዱ፤ መጀመሪያ ሴትዮዋን ለብቻ የማይጠይቅ ካለ ተነሱና ውጡ።

ክኒኑስ?

ስለ ክኒን ሁለት ነገር ይወራል፦ ሱስ ያስይዛል፣ ያደነዝዛል። ለድብርትና ለጭንቀት የሚታዘዙት፣ እዚህ በብዛት የሚገኙት አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን፣ እንደ ጫት ወይም እንደ አረቄ የሚያስናፍቁ አይደሉም። ድንገት ከተቋረጡ ግን ሰውነትን ያስቸግራሉ፤ በሐኪም ምክር ቀስ ተብሎ ነው የሚወጣው። አሚትሪፕቲሊን ያስተኛል፣ አፍ ያደርቃል። ፍሉኦክሰቲን መጀመሪያ ሰሞን ያቅለሸልሻል፤ እንቅልፍም ሊነሳ ይችላል።

ሰው የሚያቋርጠው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ምክንያቱም የሚያስቸግረው ነገር ወዲያው ይመጣል፤ ጥቅሙ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ ሙሉ በሙሉ ለመታየት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። «ሞከርኩት፣ አልሠራም» የሚለኝን ስጠይቀው አሥር ቀን ወስዶ ነው። ሲሻልም ወዲያው አይጣልም፤ ከተሻለ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ይቀጥላል።

ድብርቱ ከብዶ ሰውየው ከአልጋ መነሳት፣ መብላት፣ ሐሳብ መያዝ ካቃተው መድኃኒቱ ይቅደም። የቤት ሥራ ሰጥቼው የማይሠራው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ትንሽ ጉልበት ሲያገኝ ምክሩ ይጨመራል፤ ከባድ ለሆነው ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ይሻላል።

ዳያዜፓምን ግን ለይታችሁ እዩት። ወዲያው ያረጋጋል፤ ለዚህም ይወደዳል። ሳምንታት ከተወሰደ ይለመዳል። በእትዬ ሥራ ላይ ደግሞ ጠላት ነው፤ እሱን ውጠው ድልድዩን ቢሻገሩ ያሻገራቸው ክኒኑ ይሆናል እንጂ እሳቸው አይሆኑም። ፋርማሲ ሄዶ ያለ ሐኪም መግዛቱ ይቅር።

ጠበል፣ የንስሐ አባት፣ ሼህ

ብዙ ሰው እኔ ጋ የሚደርሰው ጠበል ቆይቶ ነው፤ ሙስሊሙም ቁርአን ተቀርቶለት። ይህን ደብቆ መምጣት አያስፈልግም። ብዙ የሚረዳ ነገር አለው፤ ከቤት ጣጣ መራቅ፣ ጸሎት፣ አብሮ የሚያስታምም ሰው። አንድ መለያ ብቻ ነው ያለኝ፦ መድኃኒትህን ጣል የሚልና የሚያስር ወይም የሚመታ ቦታ ላይ አትቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2007 አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። የአእምሮ መድኃኒት ለምን ይለያል?

ማን ጋ?

በር ላይ የተለጠፈ ስም አያታልላችሁ። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፤ መድኃኒት ያዝዛል። በአእምሮ ጤና የሠለጠኑ ነርሶችና ባለ ማስተርስ ባለሙያዎችም ያዝዛሉ፤ መንግሥት ሆስፒታል ብትሄዱ ብዙ ጊዜ የምታገኟቸው እነሱን ነው። ሳይኮሎጂስትና ካውንስለር መድኃኒት አያዝዙም። ሳይኮሎጂ መማር ብቻውን ሲቢቲ መቻል አይደለም፤ በሌላ ባለሙያ ሥር ሆኖ መለማመድ ይጠይቃል። ስለዚህ ጠይቁ፦ «ሲቢቲ የት ተለማመዱ? እንደ እኔ ያለ ችግር ላይ ሠርተዋል? መሻሌን በምን እናውቃለን?» መጠየቅ ድፍረት አይደለም። የሚቆጣ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀጠሮዎች ውስጥ «ሲቢቲ ነው» የተባላችሁት ነገር ይህን ካልያዘ ስሙን ብቻ ነው የገዛችሁት፦ ዛሬ ስለምን እንነጋገር ብሎ መጀመር፣ ያለፈውን የቤት ሥራ ማየት፣ ችግራችሁ እንዴት እንደሚሽከረከር ወረቀት ላይ አብሮ መሳል፣ አንድ የሚሞከር ነገር ሰጥቶ መሸኘት። ጥሩ አድማጭ ሆኖ «አይዞህ» ብሎ የሚሸኝም ይጠቅማል፤ አንዳንድ ሐዘን ከዚያ በላይ አይፈልግም። ግን ፓኒክ በመደመጥ ብቻ አይለቅም። ሰዓቱን በስብከት የሚጨርስ፣ «ይህ የእምነት ማነስ ነው» የሚል፣ የሌላ ደንበኛ ታሪክ የሚያወራላችሁ ከሆነ ደግሞ ሦስት ቀጠሮም አትጠብቁ።

ምሥጢር ትልቁ ጉዳይ ነው። ባሕር ዳር ሰፋ ብትልም ሰው ይተዋወቃል። እኔ መጀመሪያ ቀን የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ጊዮርጊስ ደጅ ወይም ገበያ ብንገናኝ ሰላም ልበልዎት ወይስ አይቼ እንዳላየ ልለፍ?» እዚህ አገር አይቶ ማለፍ ነውር ነው፤ ሰላም ማለት ደግሞ «ከየት ታውቂዋለሽ?» ያስከትላል። አስቀድሞ መነጋገሩ ይሻላል። ከዘመዳችሁ ጋር የሚሠራ፣ ወይም አክስታችሁ ቤት ቡና የሚጠጣ አማካሪ ከሆነ ሌላ ፈልጉ፤ ራሱም ሊነግራችሁ ይገባል።

የገንዘቡ ነገር። የጤና መድን ደብተር ያላችሁ በጤና ጣቢያ በኩል ሪፈር አጽፋችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ወረፋው ይረዝማል፣ የሚሰጣችሁ ጊዜም አጭር ነው፤ ለምርመራና ለመድኃኒት ግን ይበቃል። ለየሳምንቱ ምክር ግል ቢሮ የምትሄዱ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት የስምንት ቀጠሮ ዋጋ አስሉ፤ ሁለት ጀምሮ ማቆም ከሁሉ የከፋ ነው። በየሳምንቱ ካልተቻለ አራቱን በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ብላችሁ ተደራደሩ። ተማሪ ከሆናችሁ መጀመሪያ የግቢያችሁን የምክር ክፍል ጠይቁ። ከዘጌ፣ ከመራዊ ወይም ከዳንግላ ለምትመላለሱ የመጀመሪያውን በአካል፣ መካከሉን በስልክ ማድረግ ይቻላል። ኔትወርክ በሚጠፋበት ሰሞን ግን በቪዲዮ ላይ አትመኩ፤ ድምፅ ብቻ ይበቃል። ስልኩን የሚያዋራው ሰው ግቢ ውስጥ ሰው የማይሰማው ጥግ ይኑረው እንጂ።

መቼ ልቀይር?

ፒኤችኪው-9 የሚባል አጭር መጠይቅ አለ፤ በአማርኛም ይሠራበታል። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ ዘጠኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ነው። ለድብርት ከጀመራችሁ በመጀመሪያው ቀንና በየጥቂት ሳምንቱ ሙሉት። አምስት ነጥብ ያህል ከወረደ እውነተኛ ለውጥ ነው። ከስድስት ቀጠሮ በኋላ ንቅንቅ ካላለ፣ የቤት ሥራውንም በአቅማችሁ ከሠራችሁ፣ አንድ ነገር ይለወጥ፦ መንገዱ፣ ባለሙያው፣ ወይም መድኃኒት ይጨመር። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው፤ እዚያ ላይ ከዜሮ ሌላ መልስ ካለ ድምሩ ምንም ይሁን ለባለሙያው በቃል ንገሩት።

እዚህ ላይ ይሉኝታ ይመጣል። ሰው «አልረዳኝም» ማለት ይከብደውና ዝም ብሎ ይቀራል፤ ስልክም አያነሳም። እኛ ደግሞ ተሻለው ብለን እናስባለን። እንዲህ በሉ፦ «ለድካምዎ እግዜር ይስጥልኝ። ስድስት ቀጠሮ ሞክሬያለሁ፣ ነጥቤ አልወረደም። ሌላ መንገድ ቢኖር ወይም ሌላ ሰው ቢጠቁሙኝ።» ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት አስጽፉ፤ ምን ተሞከረ፣ ስንት ጊዜ፣ የትኛው ትንሽ ረዳ፣ የትኛው ጭራሽ አልሠራም፣ ምን መድኃኒት በምን መጠን ተወሰደ። ቀጣዩ ባለሙያ ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ እሱን ስጡ።